ደጅ ያልጠናው ነጋዴ

እነዋሪ ላይ ክረምት መግባቱን የሚናገረው መሬቱ ነው። የሞረትና ጅሩ መረሬ በበጋ እግር የሚውጥ ስንጥቅ ይከፍትና የመጀመሪያው ዝናብ ሲያርፍበት ጫማ አውልቆ የሚያስቀር ጭቃ ይሆናል። ጤፉም፣ ስንዴውም፣ በበዓል ሰሞን አዲስ አበባ ላይ ዋጋው የሚወራለት የጅሩ ሰንጋም ከዚሁ ጥቁር አፈር የወጣ ነው። አፈሩ ለም ነው ቢባልም ያለ ማዳበሪያ እንደ ድሮው አልሰጥም ካለ ሰንብቷል። ስለዚህ ሰኔ ሲገባ የገበያውም፣ የጠላ ቤቱም፣ የቤተ ክርስቲያን ደጃፉም ወሬ አንድ ይሆናል፦ ዳፕ ገባ ወይ? ዩሪያስ መጣ ወይ? (ዳፕ የሚባለው በሌላ ዓይነት በተተካበት ጊዜም የጅሩ ገበሬ ዳፕ ነው ሲል የኖረው፤ ማንም አላረመውም።)

የእናቴ አጎት አልጋ ሥር አንዲት የቆርቆሮ ሣጥን አለች። የመሬት ይዞታ ደብተራቸው፣ የዓመታት የግብር ደረሰኝ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ የሕዳሴ ግድብ ቦንድ፣ ሁሉም እዚያ ነው። ባለፈው ሄጄ ሳለ ሣጥኗን ከፈቱና ቦንዱን አውጥተው አሳዩኝ። "ይኼስ ደረሰ፤ ተመረቀም አሉን። ያኛውስ? ያ የማዳበሪያ ፋብሪካ የተባለው ወዴት ገባ?" አሉኝ። ያኛው ያሉት ያዩ ላይ ሊሠራ የነበረውን ፋብሪካ ነው። "አባባ፣ እሱ እንኳ ቆሟል" አልኳቸው። "ማን አቆመው?" አሉ። ነገሩን ላስረዳ ጀመርኩና መሐል ላይ እኔም ጠፋብኝ። የማዳበሪያ ፋብሪካ ለመሥራት ውል የያዘው ጥይትና መሣሪያ የሚሠራ ድርጅት ነበር ብሎ ለአንድ ገበሬ ማስረዳት እንዲህ ቀላል አይደለም።

ይህ ዳሰሳ የዚያ ያልተመለሰ ጥያቄ ልጅ ነው።

ስለ ጦር መሣሪያ አምራቾችና ስለ መንግሥት በዓለም የተጻፈው ብዙ ነው፤ ጠቅለል ሲል ግን ጥያቄው ሦስት ነው። ድርጅቱ ለፖለቲከኞች ምን ይከፍላል? ሕግ አውጪውን ለማግባባት፣ ሎቢ ለሚሉት ሥራ ማለት ነው፣ ምን ያወጣል? በምላሹ ከመንግሥት ካዝና ምን ያህል ይወስዳል? እኛ ለዚህ ሁሉ አንድ የቆየ ቃል አለን፤ ደጅ ጥናት። ጉዳይ ያለው ሰው በጌታው በር ላይ ይሰነብታል፤ እጅ መንሻ ይዞ ይመጣል፤ አማላጅ ያቆማል። ከሦስቱ ጥያቄ ጋር ይህን ቃል ይዤ ስዞር ያገኘሁት ነገር አስገረመኝ። በእኛ አገር ትልቁ የጦር መሣሪያ ነጋዴ ደጅ ጠንቶ አያውቅም።

ቀድሞ እንዲህ አልነበረም። ለዚህ ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ከእነዋሪ ተነሥቶ በደብረ ብርሃን በኩል አንኮበር ድረስ ነው። በ1870ዎቹ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ከተማቸውን አንኮበርና ልቼ ላይ አድርገው ሳለ ከታጁራ ባሕር በአፋር በረሃ አቋርጦ የሚመጣው የአውሮፓ ነጋዴ ሁሉ በግመል የሚጭነው በአብዛኛው ጠመንጃ ነበር። ስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ መሐንዲስ ሆኖ መጥቶ አማካሪ ሆነ። ጣሊያናዊው ፒየትሮ አንቶኔሊ ከሁሉም በለጠ፤ በግንቦት 1875 ዓ.ም አንኮበር ላይ የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረመ፤ በጥቅምት 1880 ዓ.ም ደግሞ የጣሊያን መንግሥት 5,000 ረሚንግተን ጠመንጃ ሊሰጥ፣ ምኒልክም በጣሊያንና በአፄ ዮሐንስ መካከል ባለው ጠብ ገለልተኛ ሊሆኑ ተስማሙ። ዛሬ የመሣሪያ ሽያጭን ለፖለቲካ ማዋል የሚባለው ይኸው ነው፤ ያውም በጽሑፍ የሰፈረ፣ ማኅተም ያረፈበት። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም ውጫሌ ላይ የተፈረመውን ውል ተከትሎ ደግሞ 4 ሚሊዮን ሊሬ ብድር መጣ፤ መያዣው የሐረር ጉምሩክ ገቢ ነበር። በሰባተኛው ዓመት ዓድዋ ላይ የሆነውን ሁሉም ያውቀዋል። ደጅ ጠኚው የሸጠው ጠመንጃ በሻጩ ላይ ተተኮሰ።

ከእነዚያ ነጋዴዎች ሁሉ ለዚህ ጽሑፍ የሚጠቅመኝ ግን ያልቀናው ነው። ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ ባለቅኔነቱን ትቶ ጠመንጃ ይነግድ ነበር። ሸሪኩ ላባቱ ታሞ ሞተበት፤ ሌላው አብሮት ሊሄድ የነበረው ሶሌዬም ሞተ፤ ታጁራ ላይ አንድ ዓመት ገደማ ከተጉላላ በኋላ በ1879 ዓ.ም ጥር መጨረሻ 2,040 ጠመንጃና 60,000 ጥይት ጭኖ አንኮበር ደረሰ። ንጉሡ የሉም። ሐረርን ይዘው ወደ እንጦጦ ዘልቀዋል። ራምቦም እንጦጦ ድረስ ተከተላቸው። ከዚያ በኋላ የሆነው ደጅ ጥናትን በደንብ የሚያሳይ ነው። ምኒልክ ዕቃውን በጅምላ 14,000 ብር ገመቱት፤ ከዚያ ላይ የሟቹን የላባቱን ዕዳ ቆረጡ፤ አበዳሪ ነኝ የሚል ሁሉ እየመጣ እጁን ዘረጋ፤ የተረፈውን ደግሞ በጥሬው አልከፈሉትም፤ ሐረር ሄደህ ከደጃዝማች መኮንን (ከኋላው ራስ መኮንን) ተቀበል የሚል ወረቀት ሰጡት። ምስኪኑ ነጋዴ ብስጭቱን በደብዳቤ ለአገሩ ቆንስል ጻፈ፤ እኛም ዛሬ ስንት ጠመንጃ፣ በስንት ብር፣ በማን ዕዳ ተቀናንሶ እንደተሸጠ የምናውቀው ነጋዴው ስላለቀሰ ነው።

እዚህ ላይ ልብ የምለው ነገር አለ። ሻጩ ሌላ፣ ገዢው ሌላ ነበር። ስለዚህ ገዢው ዋጋ ቆረጠ፣ ሻጩም አጉረመረመ፤ ከሁለቱ ጭቅጭቅ መካከል ወረቀት ተረፈ።

ወደ ዋሽንግተን ብንሻገር ያው ደጅ ጥናት በሕግ ተደንግጎ እናገኘዋለን። የጦር መሣሪያ አምራቹ ሎክሂድ ማርቲን ከሚሸጠው ነገር ከመቶ ሰባ ያህሉን የሚገዛው የአሜሪካ መንግሥት ነው። ኩባንያው በየዓመቱ ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለሎቢ ያወጣል፤ ይህን ያወቅሁት ማንም ሹክ ብሎኝ ሳይሆን እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣና ኋላ የተሻሻለ ሕግ በየሦስት ወሩ እንዲያሳውቅ ስለሚያስገድደው ነው። የመንግሥት ኮንትራት የያዘ ኩባንያ ለተመራጭ በቀጥታ ገንዘብ እንዳይሰጥ ይከለከላል፤ እነሱም መላውን አላጡትም፤ ሠራተኞቻቸው የሚያዋጡበት የፖለቲካ ኮሚቴ አቋቁመው በዚያ በኩል ይሰጣሉ። ከሁሉ የረቀቀው ግን ገንዘብ አይደለም። ኤፍ 35 የተባለውን ተዋጊ አውሮፕላን መለዋወጫ የሚሠሩ ፋብሪካዎች ከ45 በሚበልጡ ግዛቶች ተበትነዋል። አውሮፕላኑ ተወደደ ብሎ ድምፅ የሚነፍግ የምክር ቤት አባል የገዛ ሰፈሩን ሥራ መዝጋቱ ነው። መከላከያ ሚኒስትር የነበረው ሎይድ ኦስቲንም ከሹመቱ በፊት የሌላው መሣሪያ አምራች የሬይቲዮን ቦርድ አባል ነበር። ጄኔራሉ ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር እ.ኤ.አ. ጥር 17 ቀን 1961 ሥልጣን ሲለቁ ስለ ጦሩና ስለ ኢንዱስትሪው ጋብቻ ያስጠነቀቁት ወደው አልነበረም።

አሜሪካን ላመሰግን አይደለም። መከላከያ መሥሪያ ቤታቸው እ.ኤ.አ. በ2018 ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ኦዲት ተደርጎ ወደቀ፤ ከዚያ ወዲህም አላለፈም። ግን መውደቁ ይነገራል፤ ጋዜጣ ላይ ይወጣል።

ይህ የዋሽንግተን መዝገብ ለእኛም ተርፏል፤ ነገሩ ትንሽ ያሳፍራል። እ.ኤ.አ. በ1938 የወጣ ሌላ የአሜሪካ ሕግ ለባዕድ መንግሥት የሚሠራ ማንኛውም አግባቢ እንዲመዘገብ ያስገድዳል። የኢትዮጵያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2007 ኤችአር 2003 የተባለው ረቂቅ ሕግ እንዳይጸድቅበት ዲኤልኤ ፓይፐር የተባለውን የሕግ ድርጅት ቀጥሮ ነበር፤ ረቂቁ በታችኛው ምክር ቤት አለፈ፤ ሴኔቱ ላይ ቀረ። በትግራዩ ጦርነት ወቅት ደግሞ ቬነብል የተባለ ሌላ ድርጅት ተቀጠረ። ውሉና ክፍያው የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር መዝገብ ላይ አለ፤ የፈለገ ያነበዋል። እንግዲህ እነዋሪ ያለ የታሪክ መምህር መንግሥቱ በባዕድ አገር ለደጅ ጥናት የከፈለውን ከባዕድ መዝገብ ሊያነብ ይችላል። በገዛ አገሩ ያለው የመሣሪያ ድርጅት ምን እንደገዛ፣ በስንት እንደገዛ ግን የሚያነብበት መዝገብ የለውም።

አሁን ወደዚያው ድርጅት እንምጣ።

የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን፣ ሕዝብ በአጭሩ ሜቴክ የሚለው፣ በሰኔ 2002 ዓ.ም በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ተቋቋመ፤ የተፈቀደለት ካፒታል 10 ቢሊዮን ብር ነበር። ተጠሪነቱ ለመከላከያ ሚኒስቴር ሆነ። ያሰባሰባቸው ድርጅቶች ገሚሶቹ ከጥንትም የጦሩ ነበሩ፤ ጥይት የሚሠራው ሆሚቾ፣ መሣሪያ የሚሠራው ጋፋት፣ የአየር ኃይሉ ደጀን አቪዬሽን። ገሚሶቹ ደግሞ የሲቪል ነበሩ፤ አቃቂ ያለው የመለዋወጫ ፋብሪካ፣ አዳማ ያለው የትራክተር መገጣጠሚያ። ጋፋት የሚለው ስም ራሱ ታሪክ አለው፤ ደብረ ታቦር አጠገብ አፄ ቴዎድሮስ ሚስዮናውያኑን ሰብስበው ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያስቀለጡበት መንደር ነው። ያንን ስም የመረጠ ሰው የሚያስበውን ያውቃል፤ የራሳችንን መድፍ ራሳችን እናቀልጣለን ነው ነገሩ። ሐሳቡ አያስነቅፍም። ቴዎድሮስም ያሰቡት ይህንኑ ነው።

ጊዜው የመጀመሪያው የእድገትና ትራንስፎርሜሽን እቅድ ዘመን ነበር። መንግሥት ግድብ ይፈልጋል፣ ስኳር ይፈልጋል፣ ማዳበሪያ ይፈልጋል፣ የውጭ ምንዛሪ ግን የለውም። ወታደሩ ሥራ አይመርጥም፣ ሰዓት አያከብርም አይባልም፣ ሰልፍ አይወጣም። ስለዚህ ሥራው ሁሉ ያለ ጨረታ ወደ ሜቴክ ተላከ። የሕዳሴው ግድብ ኤሌክትሮ መካኒካልና የብረት ሥራ ከ25 ቢሊዮን ብር በላይ በሆነ ውል ተሰጠው። አስር ስኳር ፋብሪካዎች ተሰጡት፤ ኋላ ላይ የተወሰኑት ተወስደው ለቻይና ኩባንያዎች ተላለፉ። በ2004 ዓ.ም ደግሞ ኢሉባቦር ያዩ ላይ ከድንጋይ ከሰል በዓመት 300,000 ቶን ዩሪያ የሚያመርት ፋብሪካ ሊገነባ ወደ 11 ቢሊዮን ብር ገደማ ውል ተፈራረመ። የእናቴ አጎት የሚጠይቁት ይህንን ነው።

እንግዲህ ከሦስቱ ጥያቄዎች ሁለቱ እዚህ ላይ ባዶ ይሆናሉ። ሜቴክ ለፓርቲ መክፈል አላስፈለገውም፤ ፓርቲው፣ መንግሥቱና ጦሩ አንድ ቤት ነበሩ። ሕግ አውጪ ማግባባት አላስፈለገውም፤ ምክር ቤቱ ውስጥ ከገዢው ግንባርና ከአጋሮቹ ውጭ የቀረው ወንበር በጣት የሚቆጠር ነበር፤ ከ2007ቱ ምርጫ በኋላ እሱም አልቀረም። ደጁን የጠኑት ይልቁን ደንበኞቹ ናቸው። ስኳር ኮርፖሬሽን ፋብሪካው መቼ ይደርሳል ብሎ ይለምናል፤ ኤሌክትሪክ ኃይል ተርባይኑ የት ደረሰ ብሎ ይጠይቃል። ገንዘቡን የከፈለው ለማኝ፣ የተቀበለው ተለማኝ ሆነ። አንኮበር ላይ ዕዳ ቆርጠው፣ ዋጋ ቀንሰው፣ ሐረር ሂድ ያሉት ገዢ የሉም። ገዢው ሻጩን አዛዥ ሲለው እንዴት ዋጋ ይቆርጣል?

ሕጉስ? የግዢ አዋጅ ቁጥር 649/2001 ነበረ። አዋጁ ጨረታን ደንብ ያደርጋል፤ ነገር ግን ለአገር ደኅንነትና ለመከላከያ ጥቅም ሲባል የገንዘብ ሚኒስትሩ ከሚመለከታቸው ኃላፊዎች ጋር መክሮ ሌላ ዓይነት የግዢ ሥርዓት ሊፈቅድ እንደሚችልም ይናገራል። እንዲህ ያለ በር በየአገሩ ሕግ ውስጥ አለ፤ ማንም መንግሥት የሚሳይል ግዢውን በጋዜጣ አያወጣም። የኛ ጉድ ይህ የሚስጥር ካባ በስኳር ፋብሪካ ቦይለር ላይ መደረቡ ነው። ዩሪያ ምን ሚስጥር አለው? ማስታወቂያውን በተመለከተ ግን ሜቴክ ዝምተኛ አልነበረም፤ ስለ ቴክኖሎጂ ሽግግርና ስለ ይቻላል መንፈስ በቴሌቪዥን ያልተባለ ነገር አልነበረም፤ ኋላ በተከፈተው ምርመራም ለቴሌቪዥን ፕሮግራም የተከፈለ ገንዘብ ጉዳይ ከመዝገቦቹ አንዱ ሆኗል። ከሎቢ ጋር የሚቀራረብ ወጪ ካለ እሱ ነው። ማግባባት ያስፈለገው ምክር ቤቱን ሳይሆን ቴሌቪዥን የሚያየውን ሕዝብ ነበርና።

ከዚያ 2010 ዓ.ም መጣ። የኮርፖሬሽኑ ዋና ዳይሬክተር ሜጀር ጄኔራል ክንፈ ዳኘው በሚያዝያ ለቀቁ። ሐምሌ 19 ቀን የግድቡ ሥራ አስኪያጅ ኢንጂነር ስመኘው በቀለ መስቀል አደባባይ መኪናቸው ውስጥ ሞተው ተገኙ፤ ፖሊስ ኋላ ራሳቸውን አጥፍተዋል አለ። ነሐሴ 19 ቀን ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አህመድ የግድቡ የብረት ሥራ ከሜቴክ መነጠቁን ተናገሩ። ኅዳር 3 ቀን 2011 ዓ.ም የጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ኃላፊ ብርሃኑ ጸጋዬ በሰጡት መግለጫ ኮርፖሬሽኑ ከ2004 ዓ.ም እስከ 2010 ዓ.ም 37 ቢሊዮን ብር የሚያወጣ የውጭ አገር ግዢ ያለ ጨረታ መፈጸሙን፣ አንዳንዱ ዕቃም ከገበያ ዋጋ እጅግ በላይ መገዛቱን አስታወቁ። ጄኔራሉም በዚያው ሰሞን በምዕራብ ትግራይ በኩል ተይዘው አዲስ አበባ ደረሱ።

ከዚያ ሁሉ መግለጫ ሰው ልብ ውስጥ የቀረው የመርከቦቹ ታሪክ ነው። አባይ ወንዝና አንድነት የተባሉ ሁለት ያረጁ መርከቦች ከመርከብ ድርጅቱ ተገዙ፤ ብረታቸው ተቆራርጦ ሊቀልጥ ነበር። እንደ መግለጫው ግን ከመቆራረጥ ይልቅ ጭነት እንዲነግዱ ተላኩ። ወደብ የሌለው አገር ጥይት ፋብሪካ መርከብ ይነግድ ነበር ማለት ነው! ያን ማታ ቴሌቪዥን ፊት የተቀመጠ ሁሉ መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ ዝም አለ።

ስለ ክሱ ብዙ አልልም። መዝገቦቹ ብዙ ነበሩ፣ ዓመታት ፈጁ፣ በመሐል ጦርነት ገባ። ማን ሰረቀ የሚለው የፍርድ ቤት ነው። እኔን የሚከነክነኝ ከሌብነቱ ይልቅ ሌብነት ባይኖርም ኖሮ ይሆን የነበረው ነው። ይህን ስል ለሜቴክ የሚከራከሩትን አልረሳሁም፤ አሁንም አሉ፣ ሞኞችም አይደሉም። ክርክራቸው እንዲህ ነው፦ ማንም አገር ኢንዱስትሪን በንጹሕ እጅ አልጀመረም፤ ሜቴክ በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣት መሐንዲሶችን ቀጥሮ ብረት እንዲነኩ አድርጓል፤ ያለ ልምድ ትልቅ ሥራ መስጠት ልምድ የሚገኝበት መንገድ ነው፤ ኋላ የተከፈተበት ዘመቻ ደግሞ ከሒሳብ ይልቅ የፖለቲካ ነበር። የመጨረሻው ነጥብ ውስጥ እውነት አለ፤ ለዓመታት ያልተጠየቀ ድርጅት በአንድ ጀምበር ሰይጣን ሲደረግ የጠያቂውም ነገር ያጠራጥራል። የመጀመሪያው ላይ ግን አልስማማም። ተማሪ ይሳሳታል፤ ስህተቱ ግን ደብተር ላይ ይጻፋል፤ አስተማሪ ያርመዋል። ሜቴክ ላይ አራሚው ማን ነበር? የግድቡ ተርባይን ሲዘገይ የሚቀጣው የውል አንቀጽ የት ሠራ? ሥራው ኋላ ለቮይት፣ ለጄኔራል ኤሌክትሪክና ለቻይናዎቹ ኩባንያዎች ተከፋፍሎ ሲሰጥ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም የተመረቀውን ግድብ አየን። ያዩ ግን ወራሽ አላገኘም።

ወታደር ማዳበሪያ መሥራት አይችልም የሚል ካለም ፓኪስታንን ይይ። ፋውጂ ፋውንዴሽን የጡረተኛ ወታደሮች ድርጅት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1978 ያቋቋመው ፋውጂ ፈርቲላይዘር የአገሪቱ ትልቁ የዩሪያ አምራች ሆኗል። አክሲዮኑ ገበያ ላይ ይሸጣል፤ ስለዚህ ትርፍና ኪሳራውን ወደደም ጠላም ያሳትማል። የፓኪስታን ጦር በንግድ ውስጥ መዋኘቱን አይሻ ሲዲቃ በመጽሐፏ ክፉኛ ተችታለች፤ ትክክልም ናት፤ ጄኔራል ነጋዴ ሲሆን ምርጫም ፍርድ ቤትም ይጣመማል። ቻይናም እ.ኤ.አ. በ1998 ጦሯን ከንግድ ውጣ ብላለች። የፓኪስታኑ ፋብሪካ ጢስ ግን ይታያል። የያዩው አይታይም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት መለዮው አይመስለኝም፤ አንዱ ሒሳቡን ለባለ አክሲዮን ያነባል፣ ሌላው ለማንም አላነበበም።

የፓርቲ ንግድን ሳላነሣ ባልፍ ዳሰሳው ጎዶሎ ይሆናል፤ ምክንያቱም በሌላው ዓለም ኩባንያ ፓርቲን ሲደጉም በእኛ አገር ፓርቲ ኩባንያ ነበረው። ትግራይ ላይ ኤፈርት፣ እኛ ክልል ላይ ጥረት። መስፍን ኢንዱስትሪያል የኤፈርት ነው፤ ደብረ ብርሃን መግቢያ ላይ የቢራ ፋብሪካ ያቆመው ዳሸን ደግሞ ከጥረት ቤት የወጣ ነው። በጥረት ጉዳይ በረከት ስምዖንና ታደሰ ካሳ ተከሰው በ2012 ዓ.ም የስድስትና የስምንት ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። ይህ ስለ ቢራ እንጂ ስለ ጥይት አይደለም፤ ወንዙ ግን አንድ ነው። ገንዘቡ ከድርጅት ወደ ፓርቲ ይሂድ ወይስ ከፓርቲ ወደ ድርጅት፣ የሚያሳይ መስኮት አልነበረም።

አሁንስ? ሜቴክ የሚለው ስም ጠፍቷል። የጦሩ ፋብሪካዎች ወደ ጦሩ ተመለሱ፤ የሲቪሎቹ ኢትዮ ኢንጂነሪንግ ግሩፕ የሚል ስም ያዙ። መልካም ክፍፍል ነው፤ ከመጀመሪያውም እንዲህ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ። ነገር ግን ክፍፍሉ ሳይረጋ ጦርነት መጣ። በኅዳር 2014 ዓ.ም ውጊያው ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ሲደርስ የሰሜን ሸዋ ሰው መሣሪያ ከየት ተገዛ ብሎ አልጠየቀም፤ የጠየቀው ለምን አልበዛም ብሎ ነው። ያ ፍርሃት የገባው ሰው ለበጀት ሰነድ ዓይን የለውም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም ከቱርክ ጋር የወታደራዊ ትብብር ውል ተፈርሞ ነበር፤ ባይራክታር የተባለው ድሮን ከዚያ ወዲህ ታወቀ። የአምራቹ ባይካር ዋና መሐንዲስ ሰልቹክ ባይራክታር የፕሬዚዳንት ኤርዶጋን አማች ነው፤ ደጅ ጥናት ምን ያደርግለታል፣ እልፍኝ ውስጥ ነው። በ2015 በጀት ዓመት ከአገሪቱ 786.6 ቢሊዮን ብር በጀት 84 ቢሊዮኑ ለመከላከያ ተያዘ። በየካቲት 2017 ዓ.ም ደግሞ ስካይ ዊን የተባለ የድሮን ማምረቻ በጠቅላይ ሚኒስትሩ ተመረቀ። ተመልሰን ጋፋት ደረስን፤ ራሳችን እናቀልጣለን የሚለው ሐሳብ አልሞተም። ከጦር ሜዳ አንፃር ሲታይ ትክክል ሊሆን ይችላል። ከ2015 ዓ.ም ማብቂያ ጀምሮ ግን ግጭቱ እኛው ክልል ውስጥ ስለሆነ በእነዋሪ ጠላ ቤት ስለ ድሮን የሚነሣው ወሬ ስለ ዋጋው አይደለም፤ ሰውም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያወራው። ይህ ዝምታ ሌላ ሜቴክ የሚበቅልበት መረሬ ነው ብዬ እሰጋለሁ። የፓርቲ ገንዘብን የሚደነግግ የምርጫ ሕግ ከ2011 ዓ.ም ጀምሮ አለን፤ አግባቢ ነኝ ባዩ የሚመዘገብበት፣ የመከላከያ ድርጅት የሲቪል ሥራ ሲወስድ ጨረታ የሚያስገድደው ሕግ ግን ገና ነው። ሚሳይሉ ሚስጥር ይሁን፤ ቦይለሩ ይጫረት።

የማዳበሪያውም ነገር አልቀረም። በ2015 ዓ.ም ክረምት መግቢያ ላይ የአማራ ክልል ገበሬ ማዳበሪያ አጥቶ ባሕር ዳር ድረስ ሄዶ ሰልፍ ወጣ። በነሐሴ 2017 ዓ.ም መንግሥት ከናይጄሪያው ዳንጎቴ ጋር ጎዴ ላይ 2.5 ቢሊዮን ዶላር የሚፈጅ የዩሪያ ፋብሪካ ሊሠራ ተፈራረመ፤ በዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ቶን ይባላል። ድርሻው ተነግሯል፤ 60 ከመቶ ለዳንጎቴ፣ 40 ከመቶ ለኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ። ባለ ድርሻዎቹ ቢያንስ በስም ተለይተዋል።

ይህን ለእናቴ አጎት ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ። ውጭ አጥሩ ላይ ባዶ ማዳበሪያ ተሰጥቶ ነበር፤ ጆንያውንም ማዳበሪያ ነው የምንለው፤ ውስጡ ካለቀ በኋላ ስሙ ይቀርለታል። የልጅ ልጃቸውን ጠርተው "እስቲ ከየት እንደመጣ አንብብልኝ" አሉት። ልጁ የላቲኑን ፊደል እየቆጠረ ሞሮኮ አለ።

"ሞሮኮና ያዩ፣" አሉኝ፣ "ለእነዋሪ የትኛው ይቀርባል?"

ያዩ ይቀርባል አልኳቸው። ጆንያውን ከአጥሩ አንሥተው ሁለቴ አራገፉት፣ ለወፍጮ የሚሄደውን ጤፍ ሊሰፍሩበት ወደ ጎተራው ሄዱ።